የሳን ሁዋኒኮን ድልድይ ለመጎብኘትና ለመሻገር፦ ከታክሎባን እስከ ሳማር ዳርቻ

በምሥራቅ ፊሊፒንስ ሌይቴና ሳማር የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ደሴቶች ጎን ለጎን ተኝተዋል። በመካከላቸው የሚያልፈው የሳን ሁዋኒኮ የባሕር ሰርጥ ወደ 38 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሲሆን፣ እጅግ በሚጠብበት ቦታ ግን ከዳር እስከ ዳር ያለው ርቀት 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሌይቴ በኩል የታክሎባን ከተማ፣ በሳማር በኩል የሳንታ ሪታ ወረዳ ከተማ ይገኛሉ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ደግሞ 2.16 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሳን ሁዋኒኮ ድልድይ ነው። ብዙ ጎብኚዎች ይህን ድልድይ የሚያዩት በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ ስልካቸውን አውጥተው አንድ ሁለት ፎቶ ሳያነሱ ድልድዩ ያልቃል። ይህን መመሪያ ያዘጋጀሁት ድልድዩን አውቆና ተዘጋጅቶ፣ የአካባቢውን ሰው ሳያስቸግር መሻገር ለሚፈልግ ሰው ነው። ለእኛ ለጎብኚዎች መስህብ የሆነው ይህ መንገድ ለሳማር ገበሬ፣ ለታክሎባን ነጋዴና ለተማሪው የየዕለት መተላለፊያ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የምሰጠው ምክር ሁሉ ከዚህ እውነታ የሚነሣ ነው።

በጽሑፉ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት፣ ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልገለጽኩ በቀር፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው። ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር እሰጣለሁ፤ እዚያ አገር ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሆነ ከሹፌር ጋር ስትቀጣጠሩ 6 ሰዓት የሚያክል ልዩነት እንዳይፈጠር ተጠንቀቁ። የፊሊፒንስ ሰዓት ከአዲስ አበባ 5 ሰዓት እንደሚቀድምም አትርሱ።

መጀመሪያ፦ የምትሻገሩት ምን እንደሆነ እወቁ

ድልድዩ መሠራት የጀመረው በ1969 ሲሆን የተመረቀው ሐምሌ 2 ቀን 1973፣ በእኛ ሰኔ 25 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው። የምረቃው ቀን በአጋጣሚ የተመረጠ አልነበረም። ዕለቱ የወቅቱ ፕሬዚዳንት የፈርዲናንድ ማርቆስ ባለቤት የኢሜልዳ ማርቆስ የልደት ቀን ነበር፤ ኢሜልዳ የሌይቴ ልጅ በመሆኗም ሕዝቡ ድልድዩን የልደት ስጦታ አድርጎ ያወራዋል። ገንዘቡ የመጣው ከጃፓን በተገኘ ብድር ሲሆን ወጪው 21.9 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደነበር ተመዝግቧል። በዚያን ጊዜ በሁለቱ ደሴቶች መካከል የሚመላለሰው ተሽከርካሪ ጥቂት ስለነበር፣ ለዚህ ያህል ገንዘብ የሚያበቃ ሥራ ነው ወይ ብለው የጠየቁ ሰዎች ነበሩ። ጥያቄውን በአደባባይ ማንሣት ግን ቀላል አልነበረም፤ አገሪቱ ከ1972 መስከረም ጀምሮ በወታደራዊ አዋጅ ሥር ነበረች።

ከዚሁ ዘመን ጋር የተያያዘ፣ ጎብኚ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል የምለው አንድ ነገር አለ። በአዋጁ ዘመን ታሳሪዎችን ያሠቃዩ የነበሩ ሰዎች ለአንዱ የማሠቃያ ስልታቸው የዚህን ድልድይ ስም ሰጥተውት ነበር፦ እስረኛው ራሱን በአንድ አልጋ፣ እግሩን በሌላ አልጋ ላይ አድርጎ ሰውነቱ በመካከል እንደ ድልድይ እንዲንጠለጠል ይገደዳል፤ ደክሞት ሲወድቅ ይደበደባል። ድልድዩን የሠሩት ሠራተኞችና መሐንዲሶች ለዚህ ተጠያቂ አይደሉም፤ ነገር ግን ስሙ በፊሊፒንስ ውስጥ በሁሉም ጆሮ እኩል እንደማይሰማ ማወቅ ከአረጋውያን ጋር ስትነጋገሩ አንደበታችሁን እንድትጠብቁ ይረዳችኋል።

አሁን ወደ አካሉ እንምጣ። ድልድዩ 43 ዝርጎች አሉት፤ ዝርግ የምለው በሁለት ምሰሶዎች መካከል ያለውን የመንገድ ክፍል ነው። አብዛኞቹ በኮንክሪት ምሰሶዎች ላይ ያረፉ የብረት ወራጆች ሲሆኑ ከውኃው ብዙም ሳይርቁ ይሄዳሉ። ዋናው ዝርግ ግን ሌላ ነው፤ 192 ሜትር የሚረዝም፣ ከብረት ዘንጎች የተሰካካ ቅስት ያለው ክፍል ነው። ቅስቱ ለጌጥ የቆመ እንዳይመስላችሁ። ሰርጡ የመርከብ መተላለፊያ ስለሆነ መሐንዲሶቹ በአንድ ቦታ ላይ ምሰሶዎቹን አራርቀው መንገዱን ከፍ ማድረግ ነበረባቸው፤ ያን ያህል ርቀት ያለ ምሰሶ ለመዝለል ደግሞ ተራ ወራጅ ስለማይበቃ ክብደቱን ወደ ሁለቱ ጫፎች የሚያሸክም ቅስት አስፈለገ። በተሽከርካሪ ስትሄዱ መንገዱ ቀስ እያለ ሲወጣ የሚሰማችሁ፣ የቅስቱ ብረቶችም ግራና ቀኝ የሚከቧችሁ በዚህ ምክንያት ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ ሳይሆን የሚጠማዘዝ ነው፤ የአካባቢው ሰዎች ከላይ ሲታይ ሳማርና ሌይቴ በላቲን ፊደል ሲጻፉ የሚጀምሩባቸውን S እና L ፊደላት ይሠራል ይላሉ።

ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ በባሕር ላይ ከተሠሩት ድልድዮች በርዝመቱ አንደኛ ሆኖ የቆየው ይህ ድልድይ ክብሩን ያስረከበው በ2022 በሴቡ ለተከፈተው ረጅም የባሕር ላይ ፈጣን መንገድ ነው። በአገልግሎት በኩል ግን የሚተካው አልተገኘም። ከሰሜኑ ሉዞን ተነሥቶ በሳማርና በሌይቴ አልፎ ወደ ደቡቡ ሚንዳናው የሚወርደው የአገሪቱ ዋና አውራ ጎዳና የሚያልፈው በእርሱ ላይ ነው። ዮላንዳ የተባለው ታይፉን (ከባሕር የሚነሣ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ኅዳር 8 ቀን 2013 ታክሎባንን ሲመታና በአደጋው በአካባቢው ከ6,000 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ድልድዩ ቆሞ ቀረ፤ የእርዳታ መኪኖችም ከሳማር ወደ ፈረሰችው ከተማ የገቡት በዚሁ መንገድ ነበር። ይህን የሚያስታውስ የታክሎባን ሰው ስለ ድልድዩ ሲናገር ድምፁ ይለወጣል።

ሁለተኛ፦ ከመሄዳችሁ በፊት የክብደት ገደቡን አጣሩ

በዚህ መመሪያ ውስጥ እጅግ አስፈላጊው ክፍል ይህ ስለሆነ ዘለግ አድርጌ እጽፈዋለሁ። በባሕር ላይ የቆመ ብረት ከጨው ጋር ሌት ተቀን ይታገላል። ጨዋማ እርጥበት በቀለም ስንጥቅ ገብቶ ብረቱን ያዝገዋል፤ የዛገው ክፍል ያብጥና ቀለሙን ይበልጥ ይገፈዋል፤ በየዕለቱ የሚመላለሰው የከባድ መኪና ጫና ደግሞ የሳሳውን ብረት ያደክመዋል። ግማሽ ምዕት ዓመት ላለፈው የሳን ሁዋኒኮ ድልድይም ይህ አልቀረለትም። በግንቦት 2025 የአገሪቱ የሕዝብ ሥራዎችና አውራ ጎዳናዎች መሥሪያ ቤት ድልድዩን ካስመረመረ በኋላ ከ3 ቶን በላይ የሚመዝን ተሽከርካሪ እንዳይሻገር ከለከለ፤ የማጠናከሪያ ሥራም ተጀመረ።

ሦስት ቶን ምን ያህል እንደሆነ በዓይነ ኅሊና ለማየት እንዲህ አስቡት። አንድ አነስተኛ የቤት መኪና ከነተሳፋሪው 1.5 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ ያልፋል። አሥራ አምስት ሰው የሚጭን ቫን ባዶውን ወደ 2 ቶን ይጠጋል፤ በሰውና በሻንጣ ሲሞላ ግን በገደቡ ጫፍ ላይ ይደርሳል። ረጅም ርቀት የሚጓዝ አውቶቡስ ግን ባዶውን እንኳ ከ10 ቶን ስለሚበልጥ በዚህ ገደብ ፈጽሞ አይገባም ነበር። በዚህ ምክንያት አውቶቡሶች በድልድዩ ጫፍ መንገደኞቻቸውን ሲያወርዱና ሰዉ በትንንሽ ተሽከርካሪ ሲሻገር፣ ጭነት መኪኖች ደግሞ ወደ ባሕር ጀልባ ሲዞሩ ከረሙ። ከእነዚህ ጀልባዎች አንዱ መስመር በሳማር በኩል ባሴይ አጠገብ ካለው የአማንዳየሃን ወደብ ተነሥቶ ታክሎባን ይደርሳል።

እንዲህ ያለው ገደብ ጥገናው በተራመደ ቁጥር የሚለወጥ ነው። ስለዚህ በጉዞአችሁ ዋዜማ ሦስት ጥያቄዎችን ለሆቴላችሁ ወይም በታክሎባን አውቶቡስ መናኸሪያ ለሚያገኙት የመስመሩ ሹፌር አቅርቡ፦ ዛሬ የሚፈቀደው ክብደት ስንት ነው? ትራፊኩ በሁለቱም አቅጣጫ ይፈስሳል ወይስ ተራ በተራ ይለቀቃል? እግረኛስ ይገባል? ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ በእግር ለመሄድ የመጣ ጎብኚ ግን ቀኑን ሙሉ የሚወስንለት እርሱ ነው።

መኪና ተከራይታችሁ የምትሄዱ ከሆነ የተሽከርካሪውን ክብደት ከሰነዱ ላይ ቀድማችሁ አንብቡ፤ የተሳፋሪና የሻንጣ ክብደትንም ጨምሩበት። በድልድዩ መግቢያ ያለው ጠባቂ ሲያስቆማችሁ ገደቡን በልመና ለማለፍ መሞከር ነውር ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ የተጫነ መኪና ብቻውን ድልድዩን ላይጥለው ይችላል፤ ነገር ግን ብረት የሚደክመው ከገደብ በላይ የሚያልፉት ሁሉ ጫና በላዩ ላይ ሲደራረብ ነው፤ ድልድዩ ቢዘጋ ደግሞ ገበያና ሆስፒታል የሚርቀው ከእኛ ሳይሆን ከሳማር ሰው ነው።

ሦስተኛ፦ ወቅቱንና ሰዓቱን ምረጡ

ሌይቴና ሳማር የሚገኙበት የምሥራቅ ቪሳያስ አካባቢ እንደ አገራችን ጥርት ያለ በጋና ክረምት የለውም፤ ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ይመላለሳል፤ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ይበረታል። ሚያዝያና ግንቦት ከሌሎቹ ይልቅ ስለሚደርቁ ለዚህ ጉብኝት ይስማማሉ፤ ሙቀቱ ግን ከባድ ነው። ታይፉን በማንኛውም ወር ሊመጣ ቢችልም የሚበዛው በዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። የአገሪቱ የሜትሮሎጂ ተቋም ፓጋሳ የነፋስ ማስጠንቀቂያን ከ1 እስከ 5 በቁጥር ያወጣል። አንደኛው ቁጥር ማለት በ36 ሰዓት ውስጥ በሰዓት ከ39 እስከ 61 ኪሎ ሜትር የሚፈጥን ነፋስ ይጠበቃል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ትንሽ መስሎ አያታልላችሁ፤ በሜዳ ላይ ባርኔጣ የሚያበር ነፋስ በባሕር ሰርጥ መካከል ከፍ ባለ ድልድይ ላይ ሞተር ሳይክልን ከመስመሩ ያስወጣል። ለታክሎባን ወይም ለሳማር አንድ ቁጥር እንኳ ከወጣ ጉብኝቱን ለሌላ ቀን አሳድሩት።

ከቀኑ ሰዓታት እኔ የምመርጠው ማለዳን ነው። ታክሎባን ከምድር ወገብ ያላት ርቀት ከአዲስ አበባ ብዙም ስለማይለይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት ከሩብ እስከ 12 ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ትወጣለች፤ ማታም እንደዚሁ ከ11 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ጀምሮ ትጠልቃለች። በማለዳ ነፋሱ ቀዝቃዛ፣ ተሽከርካሪው ጥቂት፣ ሰርጡም ጸጥ ያለ ነው፤ ዓሣ አጥማጆች በግራና ቀኝ የቀርከሃ ክንፍ ባላቸው ቀጫጭን ጀልባዎች ሲቀዝፉ ይታያሉ። ፎቶ ለምታነሡ ሰዎች የፀሐይ አቅጣጫ ወሳኝ ነው። ድልድዩ ከሌይቴ ወደ ሳማር ሲሄድ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያዘነብላል፤ ስለዚህ በጠዋት ከሳማር ዳርቻ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሌይቴ ዳርቻ ብታነሡ ብርሃኑ ከጀርባችሁ ሆኖ ብረቱን ያደምቅላችኋል።

አራተኛ፦ እስከ ድልድዩ መድረሻ

ከኢትዮጵያ የሚነሣ ሰው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ማኒላ ደርሶ ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ ወደ ታክሎባን ይቀጥላል፤ በአየር ላይ የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ጊዜ ያለው ሰው ከማኒላ በአውቶቡስ መምጣት ይችላል። ይህ መንገድ አንድ ቀን ገደማ የሚፈጅ ሲሆን በማትኖግ ወደብ ከነአውቶቡሱ በመርከብ ተሻግሮ አለን በምትባል የወደብ ከተማ በኩል ወደ ሳማር ይገባል፤ ደሴቲቱን አቋርጦም በመጨረሻ ድልድዩ ላይ ይደርሳል። አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ባሕርን በመርከብ ለመሻገር ሰዓታት ከጠበቁ በኋላ ሌላውን ባሕር በደቂቃዎች ሲያልፉት፣ የዚህ ድልድይ ዋጋ ለደሴት ሰው ምን እንደሆነ ሰውነት ራሱ ይረዳዋል።

ከታክሎባን መሐል እስከ ድልድዩ ያለው ርቀት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሦስት አማራጮች አሉ። የመጀመሪያው ወደ ባሴይ ወይም ወደ ሳማር ከተሞች የሚሄድ ቫን ወይም ጂፕኒ መሳፈር ነው። ጂፕኒ በሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ላይ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበት፣ ያሸበረቀ የሕዝብ ማመላለሻ ነው፤ የአዲስ አበባን ሚኒባስ ለለመደ ሰው ባሕርዩ እንግዳ አይሆንበትም። ሒሳቡን “ባያድ” ብላችሁ አጠገባችሁ ላለው ሰው ትሰጣላችሁ፤ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባብሎ ሹፌሩ ጋ ይደርሳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ለመውረድ “ወራጅ አለ” በማለት ፈንታ “ፓራ” ይባላል። ሁለተኛው አማራጭ መኪና ከነሹፌሩ መኮናተር ነው፤ ቤተሰብ ይዞ ለሚጓዝ የሚሻለው እርሱ ነው። ሦስተኛው ሞተር ሳይክል መከራየት ነው። ሞተሩን የምትመርጡ ከሆነ በአገሪቱ ሕግ መሠረት ነጂውም ከኋላ የሚቀመጠውም ሰው የራስ ቁር ማድረግ ግዴታቸው ነው። የሚነዳው እንደ እኛ አገር በመንገዱ ቀኝ በኩል ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የውጭ አገር መንጃ ፈቃድም ከገቡበት ቀን ጀምሮ ለ90 ቀናት ያገለግላል።

የአካባቢው ቋንቋ ዋራይ ይባላል። “ማኡፓይ ንጋ አጋ” እንደምን አደራችሁ፣ “ዳሞ ንጋ ሳላማት” ደግሞ እጅግ አመሰግናለሁ ማለት ነው። በዕድሜ የሚበልጣችሁን ወንድ “ማኖ”፣ ሴት “ማና” ብላችሁ ጥሩ፤ እኛ ጋሼና እትዬ እንደምንለው ነው። ጠባቂውንም ሆነ ሹፌሩን በዚህ ቃል የጠራ እንግዳ ፊቱ ሲፈታለት ያያል።

አምስተኛ፦ አሻጋገሩ

በተሳፋሪነት የምትሻገሩ ከሆነ የመስኮት ቦታ ቀድማችሁ ያዙ። ከታክሎባን ወደ ሳማር ስትሄዱ በቀኝ በኩል ሰርጡ ወደ ታክሎባንና ወደ ሳን ፔድሮ የባሕር ወሽመጥ ሲሰፋ፣ በግራ በኩል ደግሞ በደኖች መካከል እየተጠማዘዘ ወደ ሰሜን ሲገባ ታያላችሁ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ ድልድዩን በአራት ደቂቃ ከጥቂት ሰኮንዶች ይጨርሰዋል። እኔ የምመክረው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ስልክ ሳያወጡ ማየት ነው። ወደ ታች ወደ ውኃው ተመልከቱ። ሰርጡ ሁለት የተለያዩ ባሕሮችን ስለሚያገናኝ የአንዱ ውኃ በማዕበል ዑደት ከፍ ሲል ወደ ሌላው ይሮጣል፤ በጠባቡ ቦታ ሲጨነቅ ደግሞ ይፈጥናል፣ በደሴቶቹ ጥግም ይሽከረከራል። ላይ ላዩን ረግቶ የሚታየው ውኃ በምሶሶዎቹ ዙሪያ አረፋ ሲስብ ካያችሁ ኃይሉን ያያችሁት ያኔ ነው። በዚህ ሰርጥ ውስጥ ለመዋኘት የሚያስብ ቢኖር አይሞክረው።

ራሳችሁ የምትነዱ ከሆነ መግቢያው ላይ ፍጥነታችሁን ቀንሱ፤ የጠባቂውን ምልክትም ጠብቁ። መንገዱ በየአቅጣጫው አንድ አንድ መስመር ብቻ ስላለው መቅደም የለም፤ መቆምም የለም። በድልድዩ ላይ መኪና አቁሞ ፎቶ ማንሣት ከኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያግዳል፤ በጠመዝማዛው ላይ ለሚመጣ ሹፌር ደግሞ ድንገተኛ እንቅፋት ይሆናል። እየነዱ ስልክ መንካት በአገሪቱ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ፎቶውን አብሯችሁ ያለ ሰው ያንሣ። በዝርጎቹ መጋጠሚያ ላይ ጎማው ድም ድም ሲል አትደንግጡ። ብረት በሙቀት ስለሚረዝምና በቅዝቃዜ ስለሚያጥር መሐንዲሶቹ በየመካከሉ ክፍተት ትተው በብረት ማያያዣ ሸፍነውታል፤ ያ ክፍተት ባይኖር ድልድዩ በቀትር ፀሐይ ራሱን በራሱ ይገፋ ነበር። ለሞተር ሳይክል ነጂ ግን ይህ ብረት በዝናብ ጊዜ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ በላዩ ላይ ስታልፉ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ፍሬን ሳትይዙ እለፉ። የቅስቱን ብረቶች አልፋችሁ ወደ ክፍቱ ስትወጡ የጎን ነፋስ በድንገት ስለሚያገኛችሁ በሁለት እጅ አጥብቃችሁ ያዙ።

በእግር መሻገር፣ የተፈቀደ ዕለት ከሆነ፣ ከሁሉም የሚበልጠው አማራጭ ነው። በተራ እርምጃ ለአንድ ጉዞ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ለማየትና ለማረፍ ቆም ካላችሁ አንድ ሰዓት መድቡ። የእግረኛው መንገድ ጠባብ ስለሆነ ጎን ለጎን ሳይሆን በአንድ ረድፍ ሂዱ፤ ተሽከርካሪው ከፊታችሁ የሚመጣበትን ጎን ምረጡ፤ ልጆችን በእጃችሁ ይዛችሁ ምሩ። ጥላ የሚባል ነገር ስለሌለ ውኃና ባርኔጣ አትርሱ፤ ባርኔጣውም ማሰሪያ ያለው ይሁን። በድልድዩ ጠርዝ ባለው መከታ ላይ መውጣት፣ በቅስቱ ብረት ላይ መንጠላጠል ወይም ዕቃ ወደ ባሕሩ መጣል አይገባም፤ ከሥር ጀልባዎች ያልፋሉ። ጥበቃው እግረኛ አይገባም ካላችሁ አትከራከሩ፤ ከሁለቱም ዳርቻ ላይ ሆኖ ድልድዩን በሙሉ ርዝመቱ ማየት ይቻላል፤ ለፎቶም ከላዩ ይልቅ ከዳር የሚነሣው ይበልጣል።

በእግርም ሆነ በተሽከርካሪ የጥገና ሠራተኞችን ካገኛችሁ ከቅርብ ሆናችሁ አታንሡአቸው፤ ባነጠፉት ገመድና ምልክት ውስጥም አትግቡ።

ስድስተኛ፦ በሳማር በኩል

ብዙ ሰው ከተሻገረ በኋላ ወዲያው ዞሮ ይመለሳል፤ እኔ ይህን አልመክርም። ድልድዩ ምን እንደሚያገናኝ ሳያዩ ድልድዩን አየሁ ማለት ይከብዳል። ከድልድዩ ስትወጡ ዋናው ጎዳና ወደ ሰሜን ወደ ሳንታ ሪታና ካትባሎጋን ሲቀጥል፣ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መንገድ ባሴይ ያደርሳችኋል፤ ከታክሎባን ተነሥቶ ባሴይ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይበቃል። የባሴይ ሴቶች ቲኮግ ከሚባል የረግረግ ሣር ባኒግ የሚሉትን ምንጣፍ ይሠራሉ። ሣሩ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ በቀለም ይነከራል፣ ከዚያ ያለ ሽመና ዕቃ በጣት ብቻ ይታታል፤ በላዩም አበባና ልዩ ልዩ ምስል በባለቀለም ሣር ይጠለፋል። ሰፌድና መሶብ ስትሰፋ እናቱን ያየ ሰው በዚህ ሥራ ፊት ረጅም ጊዜ ይቆማል። ከሠሪዋ እጅ ግዙ፤ ዋጋም አብዝታችሁ አትከራከሩ። ቀን ያላችሁ እንደሆነ ከባሴይ በጀልባ ወንዙን ተከትሎ ወደ ሶሆቶን ዋሻዎች መሄድ ይቻላል፤ በዚያ ውኃ ለዘመናት የኖራ ድንጋይን ቦርቡሮ የሠራው የተፈጥሮ ድልድይ አለ።

ለመመለሻ በባሴይ ከመናኸሪያው የመጨረሻው ተሽከርካሪ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ገና ስትደርሱ ጠይቁ፤ ከመሸ በኋላ ተሽከርካሪ ይሳሳል። ስንቅ ካስፈለጋችሁ ቢናጎል ግዙ፦ የጎደሬ ዘመድ ከሆነ ሥራሥር፣ ከኮኮናት ወተትና ከስኳር ተቀቅሎ በኮኮናት ቅርፊት ውስጥ የሚሸጥ ጣፋጭ ነው። በሙዝ ቅጠል የሚጠቀለለው ሞሮንም የሩዝና የቸኮሌት ጣዕሙ ለመንገድ ይመቻል። ቅጠሉንም ቅርፊቱንም ይዛችሁ ተመለሱ እንጂ ከመስኮት አትወርውሩ።

ከ2022 ጀምሮ በድልድዩ ላይ ባለቀለም መብራት ተተክሎለታል። መብራቱ በሚበራበት ምሽት ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ከመጨለሙ በፊት ወደ ሌይቴ ተሻግራችሁ በዳርቻው ላይ ቦታ ያዙ፤ ከድልድዩ ላይ ሆኖ መብራቱ በሙሉ አይታይም። በዚያ ምሽት መብራቱ ይበራ እንደሆነ ስለ ክብደት ገደቡ በጠየቃችሁበት ጊዜ አብራችሁ አጣሩ። ወደ ታክሎባን የሚመልሳችሁን ሹፌርም የሚጠብቃችሁ ከድልድዩ አፍ ራቅ ብሎ፣ ከጎዳናው ጠርዝ ወጥቶ ይሁን፤ በጨለማ በመግቢያው ላይ የቆመ መኪና ከሳማር ለሚመጣው ሁሉ አደጋ ነው።